ሰሙ ለምን ይሰበራል? የደብዳቤ ማሸጊያና የማቅለጫው ታሪክ

ጋዜጣ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ደረቅ ንባብ ነው፤ ብትዘልሉት አልፈርድባችሁም። ግን ከየማስታወቂያው የማይጠፋ አንድ አነጋገር አለ፦ ተጫራቾች ዋጋቸውን «በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ» እንዲያስገቡ ይጠየቃሉ። ሰም! ኤንቨሎፑ የራሱ ማጣበቂያ አለው፤ ፕላስተር አለ፤ ስቴፕለርም አለ። ታዲያ ሰም እዚህ ምን ይሠራል?

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት ተማሪዬ ናት። እኔም «ቀላል ነው፤ ነገ ሠርቼ አሳያችኋለሁ» ብዬ ፎክሬ ቤት ገባሁ። ሻማ ለኮስኩ፤ የሾርባ ማንኪያ ላይ ቁራጭ የንብ ሰም አድርጌ ነበልባሉ ላይ ያዝኩት። በቃ፣ ማቅለጫ ማለት ይኸው ነው ብዬ ነበር። መጀመሪያ የማንኪያው ሥር በጥላሸት ጠቆረ፤ ጥላሸቱም እየተንጠባጠበ ሰሙን አመድማ አደረገው። ቀጥሎ እጀታው ፈጀኝ። እንደምንም አፍስሼ፣ ሳንቲም ተጭኜበት፣ ሲደርቅ ደግሞ ጥፍሬን ከሥሩ ባስገባ ማኅተሙ እንዳለ ብድግ አለ! ወረቀቱ ምንም አልሆነም። ኤንቨሎፑን ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ ማኅተሙን ከሥሩ ትንሽ ሞቅ አድርጌ መልሼ ለጠፍኩት። ማንም ሰው ተከፍቶ ነበር ብሎ አይጠረጥርም።

እንዲህ ያለው ማኅተም ጌጥ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። የድሮ ሰዎች ሰሙ ውስጥ ምን ይጨምሩ ነበር? በምንስ ያቀልጡት ነበር? መልሱን ፍለጋ ስገባ ነገሩ ከኬሚስትሪ አልፎ ሰው የተሰቀለበትና ንግሥት የተገደለችበት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ማኅተም ቁልፍ አይደለም። ቁልፍ ሌባን ያስቸግራል፤ ሰም ግን ሕፃን ልጅም ይሰብረዋል። የማኅተም ሥራ ምስክርነት ነው፦ «እዚህ ቦታ ሰው ገብቶ ነበር» ብሎ መናገር። የታሸገ ውሃ ስትከፍቱ ቀጭ ብላ የምትበጠሰው የክዳኑ ቀለበት፣ የመብራት ቆጣሪ ላይ የምትንጠለጠለው የእርሳስ ማኅተም፣ ሁሉም ሥራቸው አንድ ነው። ጥሩ ማኅተም ማለት ሳይበላሽ የማይከፈት፣ ከተበላሸ ደግሞ የማይጠገን ነው። መሰበር ድክመቱ ሳይሆን ዋና ሙያው ነው።

የንብ ሰም ይህን ሙያ አያውቅም። ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ገና ሳይቀልጥ፣ በእጃችሁ ሙቀት ብቻ እንደ ሊጥ ይታሻል። ውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪውሎች አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ስትጫኑት ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ወረቀትንም አጥብቆ አይዝም።

ይህን ድክመት የጥንት አጭበርባሪዎች በደንብ ያውቁት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሳሞሳታው ሉቂያን ስለ አንድ ሐሰተኛ ነቢይ ጽፏል። ሰውየው እስክንድር ይባላል፤ በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬይቱ ቱርክ፣ በአቦኖቴይኮስ ከተማ ነበር የሚሠራው። ሰዎች ጥያቄያቸውን ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ በማኅተም አሽገው ይሰጡታል። እሱም ማኅተሙ ሳይነካ መልሱን ጽፎ ይመልስላቸዋል፤ ሕዝቡ «አምላክ ነገረው!» ይላል። ሉቂያን ግን ዘዴዎቹን አንድ በአንድ ያጋልጣል። አንደኛው የጋለ መርፌ ነው፦ ከማኅተሙ ሥር ያለውን ሰም በመርፌው አቅልጦ ይከፍታል፤ ካነበበ በኋላ በዚያው ሙቀት መልሶ ያጣብቃል። ሌላው ደግሞ ዝፍት፣ ሰም፣ የተፈጨ ድንጋይና የዛፍ ሙጫ ቀላቅሎ፣ ገና ሞቅ እያለ ማኅተሙ ላይ ጭኖ ቅርጹን መገልበጥ ነው። ድብልቁ ሲደርቅ እንደ ማኅተም ቀለበት ይጠነክራል። ከዚያ ዋናውን ማኅተም ሰባብሮ በራሱ ቅጂ አዲስ ያትማል። እነዚህን ሁለት መንገዶች አስታውሱ፤ ከሥር ማቅለጥና ቅርጽ መገልበጥ። ከሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላም ሰላዮች የሚሠሩት በእነዚሁ ነው።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ግን የንብ ሰም ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል። ለምን? በአብዛኛው የተፈለገበት ሥራ ሌላ ስለነበር ነው። የንጉሥ ሰነድ በብራና ይጻፋል፤ ከግርጌው በክር ወይም በብራና ጥብጣብ ትልቅ የሰም ማኅተም ይንጠለጠላል። ማኅተሙ የሚዘጋው ነገር የለም፤ «ይህ ቃል የእኔ ነው» ማለት ብቻ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በ1215 ማግና ካርታን የፈረመ ይመስለን ይሆናል፤ ብዕር ግን አላነሣም፤ ሰነዱ በማኅተም ነው የጸደቀው።

ይህን ሁሉ ሰም የሚያሞቀው ማን ነው? እዚህ ላይ በጣም የምወደው የሥራ መደብ ይመጣል። በእንግሊዝ የንጉሡ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሥራው ሰም ማሞቅ ብቻ የሆነ ሹም ነበር። «ቻፍ-ዋክስ» ይሉታል፤ ሰም አሞቂ እንደማለት ነው። ሰሙን ለማኅተም በሚመች መጠን ያለሰልሳል፤ ከቀጠነ ይፈሳል፣ ከቀዘቀዘ ቅርጽ አይቀበልም። ይህ መደብ የተሰረዘው በ1852 ነው። ባቡር እየሮጠ፣ ቴሌግራም እየተላከ፣ ሰም አሞቂው ገና በደመወዝ ላይ ነበር ማለት ነው። እኔ በሾርባ ማንኪያ የሞከርኩት የእሱን ሥራ ነው፤ ሰውየው ለምን ደመወዝ እንደሚከፈለው የገባኝ ጣቴ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ደብዳቤ ለመዝጋት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ የሚሰበር ነገር። እሱ የመጣው ከእስያ፣ ከአንዲት ትንሽ ነፍሳት ነው።

በህንድና በታይላንድ ደኖች ላክ የምትባል ነፍሳት አለች። እንስቷ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቃ ጭማቂውን እየመጠጠች፣ ራሷን ለመሸፈን ሙጫ ታመነጫለች። ቅርንጫፉ በሙሉ በቀላ ያለ ቅርፊት ይሸፈናል። ሰዎች ይህን ፍቀው፣ አቅልጠው፣ አጣርተው እንደ ስስ ብርጭቆ ያለ ነገር ያወጣሉ፤ ሼላክ ይባላል። (በአማርኛ «ላክ» ስንል ደብዳቤ ከመላክ ጋር የተያያዘ ይመስላል። አይደለም፤ ስሙ ከህንድ ነው የመጣው። ግን እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ደስ ይላል።) የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ህንድ መመላለስ ከጀመሩ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሼላክ በአውሮፓ የደብዳቤ ማሸጊያ ውስጥ ገባ። ፈረንሳዮች «የስፔን ሰም» ብለው ጠሩት፤ የሚያስቀው ከስፔን አለመምጣቱና ሰም አለመሆኑ ነው። በተለመደው አሠራር ሼላክ፣ ትንሽ የጥድ ሙጫ፣ ለማወፈር ጠመኔ፣ ለቀለም ደግሞ ቨርሚሊየን ይገባበታል። ቨርሚሊየን ከሜርኩሪና ከድኝ የሚሠራ ደማቅ ቀይ ነው፤ መርዝ ስለሆነ እሱን ለመሞከር አታስቡ።

ሼላክ ከንብ ሰም በምን ይለያል? ሲሞቅ እንደ ማር ይፈሳል፣ ወደ ወረቀቱ ክሮች ውስጥ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። ልታነሡት ስትሞክሩ ወይ ይሰባበራል ወይ ወረቀቱን ገንጥሎ ይነሣል። በዚያ ላይ አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው፤ ብዙ ጊዜ ከሞቀ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰሩና እንደ ጎማ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞት አይቀልጥም። ስለዚህ ማሞቂያው ለስለስ ያለ መሆን አለበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የብር ዕቃ ተሠራለት። ቅርጹን ለእናንተ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጧፍ ታውቃላችሁና። ክር በሰም ተነክሮ የሚሠራ ረጅም ጧፍ በዘንግ ላይ ይጠመጠማል፤ ጫፉ ከላይ በኩል ይወጣና ይለኮሳል፤ ሲያጥር እየተፈታ ይሳባል። የጧፍ ነበልባል ትንሽ ነው፤ የሰሙን ዘንግ ጫፍ ብቻ ያለሰልሳል።

ጥላሸቱስ? የሻማ ነበልባል ቢጫ የሚሆነው ውስጡ ገና ያልተቃጠሉ የካርቦን ብናኞች ስለሚግሉ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1860 ገና ሰሞን ለልጆች በሰጠው ዝነኛ ትምህርት ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ስድስት ጊዜ ሲያስተምር ይህንንም አሳይቷል። ቀዝቃዛ ማንኪያ ወደ ቢጫው ክፍል ስታስገቡ ብናኙ ሳይቃጠል ይበርድና ይለጠፋል። የእኔ ማንኪያ ስህተት እሱ ነበር። ጥንቁቅ ጸሐፊዎች የአልኮል መብራት ይመርጡ የነበረውም ለዚህ ነው፤ እሳቱ ሰማያዊ ነው፤ አያጠለሽም።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. 1586። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በእንግሊዝ ከታሰረች 18 ዓመት ሆኗታል። በቻርትሊ ግዞት ቤት ደብዳቤ እንዳትልክ ተከልክላለች። አንድ ቀን ግን መንገድ የተከፈተላት መሰላት፤ ቢራ የሚያቀርብላት ሰው በበርሜሉ ውስጥ ደብዳቤ ደብቆ ማስገባትና ማውጣት ጀመረ። ከደጋፊዎቿ አንዱ የ24 ዓመቱ ወጣት አንተኒ ባቢንግተን ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥን ገድለን አንቺን እናነግሣለን ብሎ ጻፈላት። ሜሪም በሐምሌ 17 መለሰችለት።

ችግሩ የቢራው መንገድ ራሱ ወጥመድ መሆኑ ነው። የኤልሳቤጥ ሚኒስትር ፍራንሲስ ዋልሲንግሃም ነበር ያዘጋጀው። እያንዳንዱ ደብዳቤ መጀመሪያ ወደ እሱ ሰዎች ይሄዳል። ቶማስ ፌሊፕስ ምሥጢራዊውን ጽሑፍ ይፈታል። አርተር ግሪጎሪ የሚባለው ደግሞ ሥራው አንድ ነው፤ ማኅተም ከፍቶ፣ ማንም እንዳያውቅ አድርጎ መልሶ ማሸግ። ጸሐፊዋም ተቀባዩም ማኅተሙን አይተው «ደኅና ነው» ብለው አመኑ። ፌሊፕስ የሜሪን መልስ ከፈታ በኋላ ለአለቃው በላከው ቅጂ ላይ የመስቀያ እንጨት ሥዕል ሣለበት። አልፎ ተርፎም የስድስቱን ገዳዮች ስም የሚጠይቅ ተጨማሪ አንቀጽ በእሷ አጻጻፍ አስመስሎ ጨመረ። ባቢንግተን በመስከረም 20 ተሰቀለ፤ ሜሪ በየካቲት 8 ቀን 1587 አንገቷ ተቀላ።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ብዙ መጻሕፍት ሜሪን የጣላት ደካማ ኮድ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ኮዱ ደካማ ነበር። ግን ኮዱ ከመፈታቱ በፊት ደብዳቤው ተከፍቷል፤ መከፈቱን የሚናገር ምስክር ደግሞ ዝም አለ። ማኅተሙ አንድ ጊዜ እንኳ ቢያጋልጥ ኖሮ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። ሐሰተኛ ምስክር ካለመኖሩ ይልቅ መኖሩ ይጎዳል፤ ያዘናጋልና።

ሜሪ በመጨረሻዋ ሌሊት፣ ከመሞቷ ሰዓታት በፊት፣ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሄንሪ ሣልሳዊ ደብዳቤ ጻፈች። ከወረቀቱ ዳር ቀጭን ጥብጣብ ቆረጠች፤ ደብዳቤውን አጥፋ ቀዳዳ በሳች፤ ጥብጣቡን በቀዳዳው ደጋግማ እየሰፋች አሰረችው። ለመክፈት ጥብጣቡን መቅደድ ግድ ነው፤ የተቀደደውን ወረቀት ደግሞ እንደ ሰም መልሶ ማቅለጥ አይቻልም። ይህን ዓይነት አስተጣጠፍ ዛሬ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ከመካከላቸው የኤምአይቲዋ ጃና ዳምብሮዥዮና የለንደን ኪንግስ ኮሌጁ ዳንኤል ስታርዛ ስሚዝ ይገኙበታል።

እነሱ ካጠኗቸው መካከል በሄግ ከተማ ያለ አንድ ሳጥን አለ። የፖስታ ሹም የነበረው ሲሞን ደ ብሪየን ያልደረሱ ደብዳቤዎችን ያከማችበት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ክፍያው በተቀባዩ ስለሆነ አንድ ቀን መጥቶ ይከፍል ይሆናል በሚል ተስፋ። 2,600 ያህል ደብዳቤ አለ፤ 600ዎቹ ሳይከፈቱ ሦስት መቶ ዓመት ተቀምጠዋል። ተመራማሪዎች እንክፈተው ወይስ እንተወው ብለው ተከራከሩ። ማኅተሙን ከሰበሩት ምስክሩን ገደሉት፤ ካልሰበሩት ቃሉ አይሰማም። መፍትሔው ራጅ ሆነ። የቀለሙ ውስጥ ብረት ስላለ በራጅ ይታያል፤ ኮምፒውተር ደግሞ የታጠፈውን ወረቀት በሐሳብ ይዘረጋዋል። በ2021 የመጀመሪያው ደብዳቤ ሳይነካ ተነበበ። ሐምሌ 31 ቀን 1697 የተጻፈ ነው፤ ዣክ ሴናክ የሚባል ሰው ሄግ ላለው ነጋዴ የአጎቱ ልጅ፣ የአንድ ዘመዳቸውን የሞት ማስረጃ ቅጂ እንዲልክለት ይለምናል። ምንም ሴራ የለበትም። ወረቀት ፈላጊ ሰው ነው። እኔን ግን ከሜሪ ደብዳቤ እኩል ነካኝ፤ ልመናው መቼም ለተቀባዩ አልደረሰም።

ወጣት ሳይንቲስት የሚያደንቀው ሰው ግን ጣሊያናዊው ስደተኛ ጁዜፔ ማዚኒ ነው። በ1844 ለንደን ተቀምጦ፣ የእንግሊዝ ፖስታ ደብዳቤዬን እየከፈተ ነው ብሎ ጠረጠረ። ማኅተሞቹን ሲያያቸው ደኅና ይመስላሉ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥርጣሬውን ወደ ሙከራ ለወጠው። ወዳጆቹ ኤንቨሎፕ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት፣ የፓፒ አበባ ዘር፣ የፀጉር ዘለላ እየጨመሩ እንዲልኩለት አደረገ። ደብዳቤው ሲደርስ ማኅተሙ አለ፤ ቅንጣቶቹ የሉም! ከፋቹ ሰምን ያውቃል፤ ውስጥ ያለችውን ደቃቅ ነገር ግን አላስተዋላትም። ጉዳዩ ፓርላማ ደረሰ፤ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሰር ጄምስ ግሬም ተብጠለጠለ፤ በፖስታ ቤቱ ውስጥ ደብዳቤ ይከፍት የነበረው ምሥጢራዊ ክፍልም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

በእርግጥ በዚያ ጊዜ ሰሙ ራሱ ወደ ማብቂያው እየተጠጋ ነበር። እስከ 1840 ድረስ በእንግሊዝ የፖስታ ዋጋ የሚቆጠረው በወረቀት ብዛት ስለነበር ኤንቨሎፕ ማለት ተጨማሪ ወጪ ነበር፤ ስለዚህ ደብዳቤው በራሱ ታጥፎ በሰም ይታሸጋል። በዚያ ዓመት ዋጋው በክብደት ሆኖ ወደ አንድ ፔኒ ሲወርድ ኤንቨሎፕ ረከሰ፤ ማጣበቂያ የተቀባ ጠርዝም ተከተለ። ሙቀትም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ወደ ህንድና ወደ ሌሎች ሞቃት አገሮች በሚሄድ መርከብ ሆድ ውስጥ ማኅተሞቹ እየለሰለሱ ደብዳቤዎች እርስ በርስ ይጣበቁ ስለነበር፣ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ወደዚያ ለሚጽፉ ሰዎች ሰም አትጠቀሙ ብሎ ያሳስብ ነበር።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ደብዳቤ ካያችሁ ማኅተሙ ከላይ፣ ከራስጌው፣ በቀለም ተመትቶ ታገኙታላችሁ። የዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም አንበሳውና «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍ ያለበት ነው። ላኪው ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ደብዳቤውን አይዘጋም፤ ሰነድ ላይ እንደሚንጠለጠለው እንደ ንጉሥ ጆን ማኅተም ነው። ደግሞም ማኅተም ሁሉን አይችልም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ደርሷል። ሳይመለስ ቀረ እንጂ አልጠፋም፣ አልተሰረቀም። መዘዙ እስከ መቅደላ ሄደ።

ሰሙ ግን ሞልቶን ነበር፤ ዛሬም አለን። ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርት ከዓለም ቀዳሚዎች ተርታ ናት። ብዙው የሚገኘው ደግሞ ከጠጅ ቤት ነው፤ ጠጁ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተሰብስቦ፣ ቀልጦ፣ ተጣርቶ ይሸጣል። ሁለተኛውን ማቅለጫዬን የሠራሁት በዚህ ሰም ነው።

አሠራሩ ይኸው። ትንሽ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አጥቤ አፉን በፒንሳ ወደ አንድ በኩል ጎንጥ አድርጌ እንደ ጀበና አፍንጫ አወጣሁለት። ይህ የሰሙ ዕቃ ነው። እሱን ግማሽ ድረስ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በሽቦ ማንጠልጠያ አቆምኩት፤ ሥሩ ድስቱን እንዳይነካ። እሳቱ ውሃውን ነው የሚያገኘው፣ ሰሙን አይደለም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ሰሙ ምንም ብትረሱት ከዚያ በላይ አይሞቅም። የተራራው ከፍታ ቴርሞስታት ሆነላችሁ ማለት ነው። ጥላሸት የለም፣ የሚፈጅ እጀታ የለም። ድስቱ ደርቆ እንዳይቀር ግን ተጠንቀቁ፤ ትልቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን፤ ሰም በእሳት ከተያያዘ ውሃ በፍጹም አይደፋበትም፤ ክዳን ከድኖ ማፈን ነው።

ድብልቁ አንድ እጅ የንብ ሰም፣ ሁለት እጅ ሮሲን ነው። ሮሲን ማለት ሬድዮ ጠጋኞች በብየዳ ጊዜ የሚጠቀሙበት፣ ቫዮሊን ተጫዋቾችም ደጋናቸውን የሚያሹበት ቢጫ የጥድ ሙጫ ነው። ሼላክ ካላገኛችሁ መሰበሩን የሚሰጣችሁ እሱ ነው። ሰሙ መጀመሪያ ይቅለጥ፤ ከዚያ የተወቀጠውን ሮሲን ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ አማስሉ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እንደ ወፍራም ማር ሲሆን ደርሷል። ለማወፈር ትንሽ የጠመኔ ዱቄት፣ ለቀለም የቀይ ክሬዮን ፍቅፋቂ ጨምሩ። በርበሬ እንዳትሞክሩ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ቤቱ ሙሉ ሲያስነጥስ አመሸ።

ለማተሚያ የአንድ ብር ሳንቲም ይበቃል፤ የአንበሳው ራስ ያለበትን ጎን። ሳንቲሙ ላይ አንበሳው ወደ ውጭ ያበጠ ስለሆነ ሰሙ ላይ ወደ ውስጥ ሰምጦና ፊቱ ዞሮ ይወጣል፤ የእውነተኛ ማኅተም ቀራጮች ሁሉን ነገር ገልብጠው የሚቀርጹት ለዚህ ነው። ከመጫናችሁ በፊት ሳንቲሙን በረዶ ላይ አስቀምጡት ወይም እፍ በሉበት። ብረቱ ከቀዘቀዘ ሰሙን ወዲያው ያደርቀዋል፤ ላዩ ላይ ያለችው ጤዛ ደግሞ መካከል ገብታ እንዳይጣበቅ ትከለክላለች።

አሁን አርተር ግሪጎሪን ሁኑ። አንዱን ኤንቨሎፕ በንጹሕ የንብ ሰም፣ ሌላውን በድብልቁ አሽጋችሁ ለጓደኛችሁ ስጡትና «ሳላውቅብህ ክፈተው» በሉት። እኔ ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ነበር። የንብ ሰሙን በተሞቀ ቢላ በደቂቃ ከፍተው፣ አንብበው፣ ዘግተው አመጡልኝ፤ እውነቱን ለመናገር አላወቅኩባቸውም። ድብልቁ ሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ ወረቀቱንም ይዞ ተነሣ።

ያቺ ጥያቄውን የጠየቀችኝ ልጅ ግን በኋላ በራሷ ማቅለጫ ያሸገችውን ደብዳቤ በጓደኞቿ እጅ ላከችልኝ። ማኅተሙ ልቅም ያለ ነበር፤ አንበሳው ጎፈሬው ሳይቀር ይታያል። ከፈትኩት። «ውስጡ ሦስት ፍሬ ጤፍ አድርጌያለሁ» ይላል። ወረቀቱን ነጭ ሳህን ላይ አራግፌ ፈለግሁ፣ በማጉያ መነጽር ደገምኩ።

ሁለት ነው ያገኘሁት።